ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠገን ቤዝ

ቤዝ የሚማሩት ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ቤዝ ጊታር ልግዛ?» ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። ፎቶው ላይ ያለው ቤዝ ሁሌ አዲስ ነው፤ ሁሌ ያብለጨልጫል። እኔም ሁሌ የምመልሰው ጥያቄ አለኝ። «ሲበላሽ ማን ይሠራልሃል? የት?» እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

ዛሬ መልሱን በረጅሙ ልጻፈው።

ቀን ቀን የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ማታና ቅዳሜ እሑድ ቤዝ እጫወታለሁ። ሠርግ ሲኖር ሠርግ፣ ሆቴል ሲጠራን ሆቴል፣ ማንም ካልጠራን ደግሞ ቤቴ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ቤዝ አለኝ። አንዱ ያማሃ ቲአርቢኤክስ 174 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ተጫዋች እጅ የገዛሁት። ሌላው ጥቁር ነው፤ ጃዝ ቤዝ የሚባለው ሞዴል ቅርጽ ያለው፣ ስሙ የመቃኛ ቁልፎቹ ካሉበት ከራሱ ላይ ተፍቆ የጠፋ። እማዬ ጥቁሩን መጀመሪያ ያየች ዕለት ክሩን ቆጠረችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከጊታር ሁለት ክር ጎድሎታል። አስቀንሰህበታል?» አለችኝ። አስቀንሼ ነበር። ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሲዞር እንደ ጨው ይንኮሻኮሽ ነበር። ለእኔ ያ የአንድ ማታ ሥራ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሊዮ ፌንደር የሚባለው ሰውዬ ፕሪሲዥን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ሲያቀርብ ሙዚቀኛ አልነበረም። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ለዚህ ነው ዕቃውን እንደ ጠጋኝ ያሰበው። አንገቱን በሙጫ አላጣበቀውም፤ ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን አሰረው። ሽቦው በሙሉ አንድ ክዳን ሥር ነው። ክዳኑን በካቻቪቴ ትፈታላችሁ፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ርካሽ ቤዞች ያንን አሠራር ነው የቀዱት። ስለዚህ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ አንገቱ በብሎን የታሰረና ሽቦው ቀላል የሆነ ቤዝ ከመረጣችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ይኖራል። አንገቱ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራውን፣ ሆዱ ውስጥ ሦስት አራት ቦርድ የታጨቀበትን ያማረ ቤዝ ግን ገዝታችሁ ብታመጡ፣ አንድ ቀን ዝም ሲል እናንተም ዝም ነው የምትሉት።

ባትሪ የሚበላው፣ አክቲቭ የሚባለው ዓይነት፣ የብዙ ልጆች ምኞት ነው። ድምፁ ጠንካራ ነው፤ አልክድም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይገባበታል። ኬብሉ እንደተሰካ ባትሪው ይሠራል፤ ስለዚህ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን መንቀል አለባችሁ። ሰው ደግሞ አይነቅልም። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ባትሪው አልቆ ድምፁ እየተሰባበረ ሲወጣ አይቻለሁ። ያማሃዬ ፓሲቭ ነው። ባትሪ የለውም። ሁለት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው)፣ ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ጃክ፣ በቃ።

ግዢ ላይ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሻጩ ቤዙን ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ከራሱ ወደ አካሉ አያለሁ። ትንሽ ወደ ፊት መጉበጥ ጤና ነው። ወደ ኋላ መጉበጥ ወይም መጠማዘዝ ግን አይደለም። የተጠማዘዘ አንገት በነፃም ቢሰጠኝ አልወስድም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር ፍሬት በፍሬት፣ አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት መስመሮች ሁሉ፣ እጫወታለሁ፤ አንድም አልዘልም። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ከዚያ የአለን ቁልፍ ከኪሴ አወጣለሁ። አንገት ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ፣ የሚዞር መሆኑን ማየት አለብኝ። አንዳንዱ ሻጭ «ኧረ አትንካብኝ!» ይላል። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያዙሩትና ልይ» እላለሁ። ሰውዬው ካልተስማማ ሰላምታ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ዘንጉ ደርቆ የተያዘ ቤዝ እኛ አገር አየር ላይ የሚቆየው ለአንድ ወቅት ነው።

ራሱ ላይ ያለውን ስም አትመኑ። ስም ማለት ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ ማንም ይለጥፈዋል። የመቃኛ ቁልፎቹን ግን እመኑ። አዙሯቸው። ከዞሩ በኋላ ክሩ ወዲያው የማይከተል ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል።

ስለ አምስት ክር ደግሞ። ዘፋኙ ቃናውን ዝቅ አድርግልኝ ሲል ታችኛው «ሲ» ክር ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ግን ያ ክር ሳይያዝ ሲመታ 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 31 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል ማለት ነው። የአራት ክሩ ወፍራሙ «ሚ» 41 ኸርዝ ነው። የእኛ ሆቴሎች ስፒከር 41ንም በመከራ ነው የሚያወጣው። 31ን ጆሮ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ናቸው የሚሰሙት። ብሩን ለአምስተኛ ክር ከማውጣት ለተሻለ ስፒከር ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ ልጆቹ ቤዝ የሚማሩት በስልክ ስፒከር እየሰሙ ነው። ስልክ ያንን ድምፅ አያወጣም። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን ወይም የዋልያሱን መላከ ገብሬን በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው አልሰማቸውም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ያኔ ከከበሮው ጋር የሚሄደው ማን እንደነበረ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ብርዱ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዝናብ፣ ጉም፣ በረዶ፤ የተሰጣ ልብስ አይደርቅም። እንጨት ይህን ሁሉ ያውቃል። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። አራቱ ክሮች ደግሞ ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትቱታል። እንጨቱና ክሩ ሲጓተቱ የሚዳኘው ያ አንገት ውስጥ ያለው ዘንግ ነው።

የእኔ ጥቁር ቤዝ በክረምት ወደ ፊት ይጎብጣል፣ በበጋ ይቃናል። ያማሃው ብዙም አይንቀሳቀስ። ሁሉም እንጨት አንድ ጠባይ የለውም። ስለዚህ «በጥቅምት ሩብ ዙር አጥብቁ» የሚል ሕግ አልሰጣችሁም። ለኩ። የመጀመሪያውን ፍሬት በካፖ (ክሩን አንገቱ ላይ ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) ወይም በጣት ያዙ፣ የመጨረሻውን ፍሬት በሌላው እጅ ተጫኑ። ያኔ ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። በምን ትለካላችሁ? ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። መካኒክ ጓደኛ ያለው ሰው ይበደር። እኔ ከፋብሪካው መካኒኮች ነበር የምበደረው፤ አሁን የራሴን ገዝቻለሁ፤ ምክንያቱም ባገኙኝ ቁጥር «ቤዙ ዘይት ቀየረ?» ይሉኝ ጀመር።

ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉን ታጠብቃላችሁ፤ ከጠፋ ታላላላችሁ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ከዚያ መልሳችሁ ቃኙ፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ ደግማችሁ ለኩ። እንጨት አይቸኩልም። ዘንጉ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ የተበጠሰ ዘንግ ማለት አዲስ አንገት ማለት ነው።

የክሩ ከፍታ፣ አክሽን የሚሉት፣ ከአንገቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ግን ክሩ ከፍ ሲልበት መጀመሪያ ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት ላይ፣ ይጣደፋል። አንገቱን ሳታቃኑ ብሪጁን ዝቅ ብታደርጉ ላይኛው ፍሬት ላይ መጮህ ይጀምራል፤ ታችኛው እንዳለ ነው። አስራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ለእኔ እጅ ይመቸኛል። መጨረሻ ላይ አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣውን ድምፅ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፉት። ለዚህ ስልክ ላይ ያለ ቱነር ይበቃል።

በበጋ ሌላ ጣጣ አለ። እንጨቱ ሲደርቅ ይጠባል፤ የፍሬቶቹ ብረት ግን ባለበት ነው። ጫፋቸው በጎን በኩል ይወጣና መዳፍ ይቧጭራል። ልጆቹ «ፍሬቱ አደገ» ይላሉ። እንጨቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጫፎቹን በስስ ሞረድ ቀስ እያላችሁ ማለስለስ ነው። ግን ከመሞረዳችሁ በፊት ቤዙን ከግድግዳ ላይ አውርዱና ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡት። ቦርሳው ውስጥ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አኑሩ፤ ውኃው የሚንጠባጠብ አይሁን። አንዳንዴ ያ ብቻውን ይበቃል።

ጣት የሚሄድበት ጥቁር ወይም ቡናማ እንጨት ሲደርቅ ቅባት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ልለምናችሁ። የኑግ ዘይት አይደለም። የምግብ ዘይት ሁሉ ይቆይና ይጣበቃል፣ ይሸታል። አንድ ልጅ ደግሞ «ሌመን ኦይል» የሚል ነገር አንብቦ ሎሚ ጨምቆበታል! ያ ዘይት የሎሚ ሽታ ያለው የማዕድን ዘይት እንጂ ጭማቂ አይደለም። ከጠፋ ፋርማሲ ያለው ሽታ የሌለው የሕፃናት ዘይት ሁለት ጠብታ በጨርቅ አድርጋችሁ ቀቡና ወዲያው ጥረጉት። ፈዛዛውና በቫርኒሽ የተሸፈነው የሜፕል እንጨት ግን ዘይት አይፈልግም። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጥር ሠርግ ሲበዛ ወደ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬት ማውለቅ ይጀመራል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ፤ ሸሚዙም ይከብዳል። ቤዙ ግን ገና ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ ብረቱ እንደቀዘቀዘ ነው። ቦርሳውን ወዲያው ከከፈታችሁት ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ክር የሚዝገው እንደዚያ ነው። ሳትከፍቱ ጥላ ሥር አቆዩት። እኔ ቤዙን የምጠቀልለው በመንዝ ባና ነው። ቦርሳው ስስ ነው፤ ባናው ግን ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ከብዙ ውድ ኬዝ ይሻላል፤ ማታ ሲመሽም ልብስ ነው።

ሙቀት ክርን ያላላል፤ ድምፁ ይወርዳል። አንድ ሠርግ ላይ ስንጀምር ኪቦርዱ አንድ ቦታ፣ እኛ ሌላ ቦታ ሆንን። ኪቦርዲስቱ «ቤዙ ወርዷል» አለ። አጠገቤ ማሲንቆ የያዙት ጋሼ ቀና ብለው «እኔም ወርጃለሁ። ኪቦርዱ ነው የወጣው» አሉ። ሳቅንና እንደገና ቃኘን። ከዚያ ወዲህ ደርሶ ቦታውን እስኪለምድ መጠበቅ የባንዱ ደንብ ሆኗል። ጋሼ ግን አሁንም ጥፋቱ የኪቦርዱ ነው ይላሉ።

ክር ትልቁ ወጪ ነው። ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ክር አስረጅማለሁ። ከመጫወቴ በፊት እጄን እታጠባለሁ፤ ስጨርስ እያንዳንዱን ክር ከላይም ከታችም በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ይኼ ብቻ ዕድሜውን በጣም ያራዝመዋል። የሞተ ክር ቀቅለው የሚያስነሱ አሉ። ይሠራል፤ በጥምጥሙ ውስጥ የገባው ቅባትና ቆሻሻ ይወጣል፣ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይበራል። ደጋግሞ መቀቀል ግን ጥምጥሙን ያላላል፤ በደንብ ካልደረቀም ይዝጋል። አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ የተሻለ ነው። አንድ ወዳጄ ዳግም አረቄ ሞክር ብሎኝ ነበር። አረቄ ውስጥ ውኃ አለ። ደግሞም ኃጢአት ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ ለስላሳውን፣ ፍላትዋውንድ የሚባለውን ክር መግዛት። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ለዓመታት ይቆያል። የአሜሪካው ሙዚቃ ኩባንያ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ካልተበጠሰበት በስተቀር ክር አይቀይርም ነበር። ድምፁ ደብዘዝ ያለ፣ ወፍራም ነው። ለትዝታና ለባቲ እኔ ከማብለጭለጩ እሱን እመርጣለሁ። ጥቁሩ ላይ ያለው ይኼ ነው።

ኤሌክትሪኩ የእኔ ሠፈር ስለሆነ ልጨምር። ቤዝ ሲጮህባችሁ፣ «ምምም» የሚለው፣ ወዲያው ቤዙን አትውቀሱ። የብዙ ቤት ሶኬት የኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው መስመር) ቀዳዳ አለው፤ ከኋላው ሽቦ የለም። ለጌጥ ነው። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ ከቀነሰ ቤዙ ውስጥ ያለው ኧርዝ ደህና ነው፤ የጎደለው መከለያ ነው። ሲነኩት ከባሰ ደግሞ ከብሪጁ ሥር የሚወጣው ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ማይክራፎን ከንፈር ሲነካ ከነዘራችሁ ግን ጨዋታ አይደለም፤ አቁሙና ሰው ጥሩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው «ሶል» 49 ነው። ስለዚህ ዘፋኙ በሶል ሲዘፍን ጩኸቱ ከእኛ ጋር ይዘፍናል፤ ትንሽ ወጣ ብሎ።

ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱን ፒካፕ እኩል ብትከፍቷቸው ጩኸቱ ይጠፋፋል። እንደዚያ ሆነው ነው የተጠመጠሙት። ጥቁሩን ስገዛው ግን አንዱ ፒካፕ ከሌላ ቤዝ የመጣ ስለነበር አይጠፋፋም ነበር። ሆዱን በመዳብ ወረቀት ሸፍኜ ከኧርዝ ጋር በየድኩት፤ ብዙ ቀነሰ። የሚንኮሻኮሸውን ቁልፍም ቀየርኩ። 250 ኪሎ ኦም ነው፤ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አገኘሁት። 47 ናኖፋራድ ኮንደንሰሩን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ነው የነቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ሞቷል፤ እሱ እየሠራ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሲልክላችሁ ደግሞ ደስታው ከማለፉ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነና መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩም ከአምፑ ዋት በላይ መሆን አለበት። ሽታው ቤቱን ከሞላው በኋላ ወደ እኔ የመጡ አምፖች አሉ። አንዳንዱ በፊውዝ ይድናል። አንዳንዱ አሁን ወንበር ነው።

አሁን ሦስተኛ ቤዝ አያምረኝም ማለት አልችልም። ፍሬት የሌለው ቤዝ እፈልጋለሁ፤ ማሲንቆው የሚንሸራተትበት ቦታ ሁሉ አብሬ መንሸራተት አምሮኛል። ግን ያማሃው ላይ የአንዱ መቃኛ ቁልፍ ጥርስ እየተበላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ወዳጄ ትንሿን ጥርስ ከነሐስ አውጥቶ እየሞከረ ነው። ያ ሳያልቅ ሌላ ግዢ የለም።

በሚቀጥለው ወር የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ትመጣለች፤ ክር አዝዣታለሁ። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የባለ ስድስት ክር ጊታር ክር ይዞልኝ ስለመጣ አሁን በወረቀት ጽፌ፣ የማሸጊያውንም ፎቶ አያይዤ ነው የላክሁላት። ቤዝ፤ ባለ አራት፤ ውፍረት ከ45 እስከ 105፤ ሎንግ ስኬል፤ ኒኬል። «ወርቅ ያዘዙኝም እንዲህ አላስቸገሩኝም» ብላ መለሰችልኝ። ሁለት ስብስብ ነው የምታመጣው። አንዱ ትርፍ ስለሆነ፣ የሚፈልግ ካለ በገዛችበት ዋጋ ይወስዳል። ቤዛችሁ ሎንግ ስኬል፣ ረጅሙ ዓይነት፣ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የእናንተ አጭሩ ዓይነት ከሆነ ወፍራሙ ክር መቃኛው ላይ አይጠመጠምላችሁም።